ሚስስ ዎከር ዴይዚ ሚለርን ስላልተረዳቻት ነው ወይስ አውቃ ነው ፊት የነሳቻት?

የቀበና አንባቢ፦

ሰላም የመጽሐፍ ወዳጆች። ቅዳሜ ከጓደኞቼ ጋር የምንወያየው በአሜሪካዊው ደራሲ በሄንሪ ጄምስ «ዴይዚ ሚለር» ላይ ነው። አጭር ኖቬላ ናት። ያላነበባችሁ ካላችሁ መጨረሻውን ስለማነሳ ከዚህ በታች አትውረዱ።

ለማስታወስ ያህል፣ ዴይዚ ኒው ዮርክ ግዛት ውስጥ ካለችው ስኬነክታዲ የመጣች የሀብታም ልጅ ናት። አባቷ ሥራውን ይዞ እዚያው ቀርቷል። እሷ፣ እናቷና ረባሹ ወንድሟ ራንዶልፍ አውሮፓን ይዞራሉ። ስዊዘርላንድ፣ ቬቬ ላይ ዊንተርቦርን ከሚባል የ27 ዓመት አሜሪካዊ ጋር ትተዋወቃለች። ልጁ ጄኔቫ መኖር ከለመደ ቆይቷል። ጃንዋሪ ማለቂያ ላይ ሮም ውስጥ እንደገና ይገናኛሉ። እዚያ ጆቫኔሊ ከሚባል መልከ መልካም ጣሊያናዊ ጋር ያለ ታላቅ ሰው ስትዞር፣ ከተማው ውስጥ ያሉት አሜሪካውያን አንድ በአንድ ይሸሿታል። በመጨረሻ በሌሊት ኮሎሲየም ሄዳ በሮም ንዳድ ትሞታለች።

ስለ ዊንተርቦርን ብዙ ተብሏል። ልጅቷ ንጹሕ ትሁን ባለጌ መወሰን አቅቶት ታሪኩን ሙሉ ሲዋልል ነው የሚከርመው። እኔን ግን ያልለቀቀኝ የሚስስ ዎከር ነገር ነው። ቪያ ግሬጎሪያና ላይ ትንሽ ቀይ ሳሎን ያላት አሜሪካዊት፣ ልጆቿን ጄኔቫ ታስተምር የነበረች፣ ዊንተርቦርንንም ከዚያ የምታውቀው። የተሰጣት ገጽ ጥቂት ነው። ዴይዚን ከሰው ተራ ያወጣቻት ግን እሷ ናት ማለት ይቻላል።

ሁለቱን ትዕይንቶች አስቡ። ዴይዚ ፒንቾ በሚባለው መናፈሻ ሰው ሁሉ በሚንሸራሸርበት ሰዓት በአንድ ጎኗ ጆቫኔሊን በሌላው ዊንተርቦርንን ይዛ ስትሄድ ሚስስ ዎከር በፈረስ ሠረገላ ትደርሳለች። ፊቷ ቀልቷል፣ ደንግጣለች። ነይ ግቢ፣ ከእኔ ጋር ዞር ዞር እንበልና ቤትሽ ላድርስሽ ትላታለች። ልጅቷ እምቢ ብላ ስትሄድ የሴትየዋ ዓይን እንባ ያቀርራል። ከጥቂት ቀን በኋላ ግን፣ በራሷ ቤት ግብዣ፣ ዴይዚ ልትሰናበታት ስትጠጋ ጀርባዋን ትሰጣታለች። ዴይዚ ፊቷ ገርጥቶ እናቷን ታያለች።

ታዲያ ያ እንባ የእውነት ከነበረ ያ ጀርባ ከየት መጣ? ሴትየዋ ክፉ ናት? ወይስ የሆነ ቦታ ላይ ልጅቷን በስህተት ተረድታታለች? ከሆነስ የቱ ጋ?


ሰሎሜ ዘፒያሳ፦

ኧረ እህቴ፣ ምንም አልተሳሳተችም። አንባቢዎች ሚስስ ዎከርን «ያልተረዳች ደግ ሴት» ማድረግ ለምን እንደሚወዱ አይገባኝም። ዴይዚ ውስጧ ምን እንደሆነ ማወቅ መቼ ፈለገችና ነው የምትሳሳተው? እሷን ያስጨነቃት የታየው ነገር ነው። ሰው ፊት፣ በዚያ ሰዓት፣ ከሁለት ወንዶች ጋር። አለቀ።

እንባውም የንዴት ነው ባይ ነኝ። ዴይዚ እምቢ እንዳለች ምን አደረገች? ወደ ዊንተርቦርን ዞራ ና ግባ አለችው። እሱ ከሚስ ሚለር ጋር መሄድ ይኖርብኛል ብሎ ሲያቅማማ፣ ካልገባህ ሁለተኛ አላናግርህም አለችው። የዓለም ደግ ሴት እንዲህ ነው እንዴ የምታደርገው? ትዕዛዟ አደባባይ ላይ ስለተጣሰ ቢያንስ አንዱን ይዛ መመለስ ነበረባት። ከዚያ ሠረገላው ላይ የክስ ዝርዝሯን ዘረገፈችለት። ካገኘችው ወንድ ጋር ትሽኮረመማለች፣ ማንነታቸው ከማይታወቅ ጣሊያናውያን ጋር ጥግ ይዛ ትቀመጣለች፣ ምሽቱን ሙሉ ከእነዚያው ሰዎች ጋር ትጨፍራለች፣ ከምሽቱ አምስት ሰዓት እንግዳ ትቀበላለች፣ እንግዳ ሲመጣ እናትየው ትወጣለች። ማስረጃዋስ ምንድነው ብትሉ፣ ሆቴሉ ውስጥ አንድ ወንድ መጥቶ ሚስ ሚለርን ሲጠይቅ አሽከሮቹ ይሳሳቃሉ የሚል ወሬ ነው። የአሽከር ሳቅ! በዚህ ነው የሰው ልጅ ስም የሚጠፋው።

ግብዣው ላይ ደግሞ ዴይዚ የማውቀው ሰው አለ ወይ ብላ ስትጠይቃት፣ አንቺን የማያውቅ የለም መሰለኝ አለቻት። ይሄ አለመረዳት አይደለም። ቢላ ነው።


ጡረተኛው መምህር፦

ጥሩ ጥያቄ ነው ልጆቼ። እንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ይህችን ኖቬላ ደጋግሜ አንብቤያታለሁ፣ ተማሪ ሁሌም የሚከራከረው ስለ ዊንተርቦርን ነበር። ስለዚህ ሚስስ ዎከርን በማንሳትሽ ደስ ብሎኛል።

ሰሎሜ፣ ክስ ዝርዝሩን በትክክል አስቀምጠሽዋል። ግን አንድ መስመር ዘለልሽ። ዊንተርቦርን ልጅቷ ክፉ ሐሳብ ያላት አይመስለኝም ሲላት፣ ሚስስ ዎከር ምን አለች? እኔም ከወር በፊት እንዲያ ነበር የማስበው አለች። አየሽ፣ ይህች ሴት ስለ ዴይዚ ውስጥ አስባ ታውቃለች። ወር ሙሉ በበጎ ተርጉማላታለች። የዊንተርቦርን አክስት ሚስስ ኮስቴሎን ካየሽ ልዩነቱ ቁልጭ ይላል። ኮስቴሎ ገና ቬቬ ሳሉ፣ ልጅቷን አንድ ቃል ሳታናግር፣ ተራ ሰዎች ናቸው ብላ ዘግታለች። የጉዞ ጉዳያቸውን የሚያስፈጽመው ዩጄንዮ ከቤተሰቡ ጋር እንደ እኩያ መቀመጡ ብቻ በቅቷታል። ሮም ላይም ብልግናና ክፋት አንድ ነገር ይሁን አይሁን ፈላስፎች ይከራከሩበት ትላለች። እሷ አልተሳሳተችም፣ አላነበበችም። ዎከር ግን አንብባለች፣ አንብባም ነው የተሳሳተችው።

የቱ ጋ ላልሽው፣ እኔ የማሳየው ሠረገላው ጋ ያለውን ንግግር ነው። በራሴ አባባል ላስቀምጠው። ሚስስ ዎከር፣ ከእናትሽ ጋር ብትንሸራሸሪ ይሻል ነበር አለች። ዴይዚ፣ እናቴ በሕይወቷ አሥር እርምጃ ሄዳ አታውቅም፣ እኔ ደግሞ የአምስት ዓመት ልጅ አይደለሁም አለች። ሚስስ ዎከር፣ አዎ፣ ሰው አፍ ውስጥ ለመግባት ደርሰሻል አለቻት። ዴይዚ ምን ማለትሽ ነው ስትል፣ ግቢና እነግርሻለሁ አለቻት። ልጅቷም ማወቅ የምፈልግ አይመስለኝም፣ ደስ የሚለኝም አይመስለኝም አለች።

እዚህ ጋ ቆም በሉ። ሚስስ ዎከር የሰማችው፣ «ገብቶኛል፣ ግን አልሰማሽም» የሚል መልስ ነው። ዴይዚ ያለችው ግን ሌላ ነው። ደስ የማይል ነገር እየመጣ እንደሆነ ሸትቷታል፣ ምን እንደሆነ አታውቅም፣ ማወቅም አትፈልግም። ሚስስ ዎከር ዴይዚ ሕጉን እንደ እሷ ጠንቅቃ እንደምታውቅ እርግጠኛ ናት። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ከዚህ ይመዘዛል። ሕጉን ላላወቀ ሰው ምክር ይሰጣል፣ እሷም ሰጠች። አውቆ የጣሰ ሰው ግን ተጋፋጭ ነው፣ ለተጋፋጭ ደግሞ የሚገባው ፊት መንሳት ነው። እንባውና ጀርባው ከአንድ ልብ ሊወጡ የቻሉት ለዚህ ይመስለኛል።

ይህን ጥያቄ በዘመኑም ሰው ጠይቆታል። ታሪኩ በ1878 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ ኮርንሂል በተባለው መጽሔት ጁንና ጁላይ ላይ ወጣ። ከዚያ በፊት አንድ የፊላደልፊያ መጽሔት አላትምም ብሎ መልሶት ነበር። ኋላ ላይ ኤላይዛ ሊን ሊንተን የምትባል እንግሊዛዊት ደራሲ ለጄምስ ደብዳቤ ጽፋ፣ ልጅቷ ያን ሁሉ ያደረገችው ሰውን ለመገዳደር ነው ወይስ ባለማወቅ ብላ ጠየቀችው። የሱ መልስ፣ ዴይዚ ማንንም አልተገዳደረችም፣ ከራሷ በላይ ሲካሄድ ለነበረ ጫጫታ የተሠዋች የዋህ ፍጥረት ናት የሚል ነው።


ሰሎሜ ዘፒያሳ፦

መምህር፣ «ከወር በፊት» የምትለዋን መዝለሌ ልክ ነው፣ እሺ። ግን ደራሲው በደብዳቤ ያለውን ተዉት፣ ደራሲ ስለ ገጸ ባሕርይው የሚለው ሁሉ እውነት ቢሆን መጽሐፍ ማንበብ ምን ያስፈልጋል። ጽሑፉ ውስጥ ዴይዚ «ይሄ ነውር ከሆነ እኔ ራሴ ከነነፍሴ ነውር ነኝ፣ ተስፋ ቁረጪብኝ» ትላለች እኮ። ከዚህ በላይ መገዳደር አለ? እኔ ዴይዚን የምወዳት እንዲያውም ለዚህ ነው። ከናንተ ጋር «የዋህ፣ ያልገባት» ካደረግናት ድፍረቷን ወሰድንባት።


ጡረተኛው መምህር፦

ድፍረትማ አላት። ቬቬ ላይ ዊንተርቦርን አክስቱ እንደማትፈልጋት ሊሸፍንላት ሲሞክር፣ ልታውቀኝ አትፈልግም፣ ለምን አትለኝም፣ እኔ አልፈራም ያለች ልጅ ናት። እዚያው ላይ ግን ድምጿ የተንቀጠቀጠ መሰለው ይላል ተራኪው። የገባት ጊዜ ይሰማታል፣ የማይነካት አይደለችም።

ግን ግብዣውን ተመልከቺ። አንድ ሰው ካንቺ ጋር አደባባይ ተጣልቶ፣ ተስፋ ቁረጪብኝ ብሎሽ፣ ከቀናት በኋላ ቤትሽ ሲመጣ በምን ሁኔታ ይመጣል? ወይ አይመጣም፣ ወይ አኩርፎ ይመጣል። ዴይዚ እናቷን ቀድማ ላከቻት፣ ራሷ ቀረት ብላ ጆቫኔሊን ፒያኖ ላይ ዘፈን ታለማምደው ነበር። ለምን? ለሚስስ ዎከር እንግዶች እንዲዘፍን! ከአምስት ሰዓት በኋላ ፈገግ ብላ ገባች፣ ዘፈን ይዤልሽ መጣሁ ነው ነገሩ። ተጣልተናል የሚለው ሐሳብ በአእምሮዋ የለም። «አንቺን የማያውቅ የለም» የተባለችውንም አልሰማችውም። ቢላ ነው ያልሽው ልክ ነው፣ ግን ቢላው ሲያርፍባት አልተሰማትም። የተሰማት ጀርባው ብቻ ነው፣ እሱ ንግግር ስላልሆነ።


ሲልቨር ስፕሪንግ፦

ይቅርታ ዘግይቼ ገባሁ፣ እዚህ አሜሪካ ያለሁበት ሌሊት ነው።

እኔ የገረመኝ ሌላ ነገር ነው። ማን ነው ያገለላት? ጣሊያኖቹ አይደሉም። አሜሪካውያን ናቸው። በስኬነክታዲና በኒው ዮርክ ዴይዚ ያደረገችው ሁሉ የተለመደ ነበር፣ ራሷ ትናገራለች፣ ባለፈው ዓመት ኒው ዮርክ ላይ አሥራ ሰባት የእራት ግብዣ ተደርጎልኛል፣ ሦስቱን የጋበዙኝ ወንዶች ናቸው ትላለች። ይህን የምትለው ገና ላወቀችው ወንድ ነው፣ ምንም ሳይመስላት። እንግዲህ ሚስስ ዎከርም አሜሪካዊት ናት። አገሯ ላይ ሴት ልጅ እንዴት እንደምትኖር ታውቃለች፣ ወይም ማወቅ ነበረባት። ግን ብዙ ጊዜ ውጭ ኖራለች። አገሯን የምታስበው እንደተወችው ነው፣ አውሮፓን ደግሞ ከአውሮፓውያን በላይ ታጠብቃለች። ዊንተርቦርን ራሱ ሠረገላው ላይ፣ እኔና አንቺ ጄኔቫ ብዙ የኖርን ይመስለኛል ይላታል። ያ የካልቪን፣ የጥብቁ ፕሮቴስታንት ሰባኪ፣ ከተማ ሁለቱንም አጥብቋቸዋል። አያችሁ፣ ያውቀዋል! አውቆም ግን አይተወውም።

ኋላ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር አለ፣ እኔ ሳቅ ብዬ ነው ያነበብኩት፣ ከዚያ ሳቄ ቆመ። ዴይዚን መጋበዝ ያቆሙት አሜሪካውያን፣ ይህች ልጅ አሜሪካዊት ብትሆንም የኛ ሴቶች እንዲህ አይደሉም የሚለውን ለአውሮፓውያኑ ማሳየት ፈልገው ነው ይላል ተራኪው። ይህን ያላወቀ ውጭ አገር የኖረ ሐበሻ አለ? ፈረንጅ ጎረቤቴ አንድም ቀን የት ዋልሽ ብሎኝ አያውቅም፣ የማውቃቸው እናቶች ግን ሱፐርማርኬት ውስጥ ከማን ጋር እንደቆምኩ ያውቃሉ። ክፋት አይደለም። ስማችንን ታስጠፊያለሽ ነው። ስለዚህ ሚስስ ዎከር ዴይዚን ስታይ ዴይዚን አይደለም ያየችው። የራሷን ስም ነው ያየችው፣ ፒንቾ ላይ በሁለት እግሩ ሲሄድ።

ሰሎሜ፣ ካንቺ ጋር በግማሽ እስማማለሁ። ግን ሥልጣን ብቻ ብንለው ፍርሃቱ ይቀርብናል። የፈራች ሴት ናት።


የቀበና አንባቢ፦

ዋው፣ ይህን ሁሉ አልጠበቅኩም። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ያ ዓረፍተ ነገር አምልጦኝ ነበር፣ ሄጄ አየሁት።

መምህር፣ የእርስዎን መስመር ይዤ እንደገና ሳነብ አንድ ነገር አገኘሁ። ሠረገላው ከመምጣቱ በፊት፣ ያኑ ቀን ከሰዓት፣ ዴይዚ ሚስስ ዎከር ሳሎን ውስጥ ነበረች። አንድ ወዳጄን ግብዣሽ ላይ ላምጣ ወይ ብላ ፈቃድ ጠየቀች፣ ስሙ ጆቫኔሊ ነው አለች፣ ሚስስ ዎከርም ደስ ይለኛል አለች። ልብ በሉ፣ አሜሪካውያንን መተዋወቅ ይፈልጋል ብላ ምክንያቱን ሁሉ አስረድታ ነው። ትንሽ ቆይቶ ሰውዬውን ፒንቾ ልታገኘው እንደምትሄድ ስትሰማ ግን ሴትየዋ ደነገጠች። በዴይዚ ዓይን ሲታይ እኮ ነገሩ ግራ ያጋባል። ሳሎንሽ የሚገባ ሰው፣ አየር ላይ አብሬው ስሄድ ለምን ነውር ይሆናል? ሠረገላው ጋ ስትደርስ ያደረገችውም ይኸው ነው። በፈገግታ ጆቫኔሊን አስተዋወቀቻት፣ ከዚያ የሠረገላውን የጉልበት ልብስ እንዴት ያምራል ብላ አደነቀች! ሴትየዋ ልታድናት እየሮጠች መጥታለች፣ ልጅቷ የጉልበት ልብስ ታደንቃለች።

እና ደግሞ ግብዣው ላይ ለዊንተርቦርን ያለችው። ሰውዬው ስለዚያ ሽርሽር አሥር ቀን ሙሉ ሲያወራ ነበር፣ መንገድ ላይ ጥዬው ሠረገላ ብገባ ደግነት አይሆንም ነበር ትላለች። ይሄ የጨዋ ልጅ ሐሳብ ነው እኮ። የቀጠሩትን ሰው ሜዳ ላይ አለመጣል። ሚስስ ዎከር ጨዋነት የጎደላት ብላ የፈረደችበት ድርጊት ውስጥ የነበረው ይህ ነው።


ትህትና ከመተማ፦

የሥነ ጽሑፍ ሰው አይደለሁም፣ ነርስ ነኝ። ከደጋ ለሰሊጥ ሥራ የሚወርደውን ሰው ንዳድ ሲጥለው በየዓመቱ ስለማይ ይሄን መጽሐፍ ያነበብኩት በዚያ ዓይን ነው። አንድ ነገር ልጨምር፣ ከጥያቄው ብዙም አይርቅም።

ዴይዚ ማታ ኮሎሲየም ገብታ፣ በቀናት ውስጥ ታማ ተገኘች፣ ከሳምንት በኋላ ሞተች። ሁሉም ሰው የኮሎሲየም ሌሊት ገደላት ይላል፣ አንባቢውም እንደዚያ ይይዘዋል። ክፉው ዓይነት ወባ ግን ከተነደፉ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ሳምንት ሁለት ሳምንት ይወስዳል ትኩሳቱ እስኪጀምር። በሐኪም ዓይን ካየነው ልጅቷ የተነደፈችው ከዚያ ሌሊት በፊት መሆኑ ይቀላል። ደራሲው ይህን ሊያውቅ አይችልም ነበር። ታሪኩ የወጣው 1878 ነው፣ ላቬራን የሚባል ሐኪም የወባን ተሕዋስ አልጄሪያ ውስጥ ያገኘው በ1880 ነው፣ አስተላላፊዋ ትንኝ መሆኗን ሮስ የሚባል ሐኪምና ጣሊያን ተመራማሪዎች ያረጋገጡት በ1897 እና 1898። በዚያን ጊዜ ሁሉም ሰው የሌሊቱን አየር ነበር የሚፈራው።

ይህን ያነሳሁት ለምን መሰላችሁ? ሚስስ ዎከር የመጀመሪያ ቀን ፒንቾ እንዳትሄድ ስትከለክላት እናትየው ስለ ንዳዱ ነበር የፈራችው፣ ሐኪማችን ዶክተር ዴቪስ ያለሽን አስታውሺ እያለች። ራንዶልፍ መድኃኒት ስጧት ብሏል። ሚስስ ዎከር ስለ ሰው አፍ ፈራች። ሁለቱ ፍርሃቶች መጽሐፉ ውስጥ ተደባልቀው ነው የሚሄዱት፣ መጨረሻ ላይ በሽታው ሐሜቱን ትክክል ያስመስለዋል። እንዲያው ብልግናዋ የገደላት ይመስላል። እኛም ጋ የታመመ ሰው ላይ፣ የት አምሽታ ነው የሚል አይጠፋም። ታማ ያለጊዜዋ የሞተች ልጅ ናት፣ አለቀ። ዩጄንዮ ጥሩ ክኒን አለው ስትል ደግሞ አዝኜ ነው ያለፍኩት፣ ያኔም ኪኒን የሚባለው የወባ መድኃኒት ነበር፣ በጊዜ ቢውጡት።

ጆቫኔሊን ደግሞ የኛ አገር ቆለኛ አስመሰለኝ። መቃብሯ ላይ፣ እኔ ለራሴ አልፈራሁም፣ እሷም መሄድ ፈለገች ይላል። እሱ ሮም የኖረ ሰው ነው፣ ከእሷ ይልቅ የለመደው ነው። ደገኛ ይዞ ቆላ የወረደ ሰው ግን ለራሴ አልፈራሁም ማለት አይበቃውም።


ጡረተኛው መምህር፦

ትህትና፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሃምሳ ሐያስያን ካነበብኩት ይሄ ይጠቅመኛል።

ጆቫኔሊን ካነሳሽ አይቀር፣ ሚስስ ዎከር በስህተት ማንበቧን የሚያረጋግጠው ምስክር እሱ መሆኑ ሁሌም ይደንቀኛል። ደግሞም ንዑስ ገጸ ባሕርይ ነው፣ አሜሪካውያኑም ሀብት አዳኝ ብለው የናቁት። መቃብሩ ላይ ስለ ልጅቷ ከሁሉ ቆንጆ፣ ከሁሉ ደግ ነበረች ይልና ትንሽ ቆይቶ ከሁሉም ንጹሕ ነበረች ብሎ ይጨምራል። ብትኖርም እኔን አታገባኝም ነበር ይላል። ምንም የሚያተርፈው የለም፣ ለማን ብሎ ይዋሻል? እናትየውም ቀደም ብላ የዴይዚን መልእክት ለዊንተርቦርን አድርሳለታለች፣ ከጣሊያናዊው ጋር አልተጫጨሁም በይው ብላ ደጋግማ አደራ ብላት ነበር። በንዳድ እየነደደች የተናገረችው ነው።

እዚህ ጋ ዊንተርቦርንን መተው አልችልም፣ ይቅርታ። ኮሎሲየም ውስጥ ሲያያት የተሰማው ምን ነበር? እፎይታ! ከእንግዲህ ላከብራት አልጨነቅም ብሎ እፎይ አለ። ሚስስ ዎከር ቢያንስ አልቅሳለች።


ሰሎሜ ዘፒያሳ፦

ይሄን አልተቃወምኩም። እንዲያውም ልጨምርላችሁ፣ መጨረሻው አንቀጽ ላይ ዊንተርቦርን ጄኔቫ ተመልሷል፣ አንዲት ብልህ የውጭ አገር ሴት ወዷል የሚል ወሬ ይነገራል። መጀመሪያው ገጽ ላይም ይኸው ወሬ ነበረ። የማን ሳሎን ተዘጋበት? ሚስስ ዎከር ሠረገላዋን ይዛ አልሮጠችለትም። ሴትየዋ ሕጉን ስታነብ የወንዶቹን ገጽ ዘላዋለች።

ግን መምህር፣ «ዴይዚ ሕጉን አታውቅም» የሚለው ላይ አሁንም አልተረታሁም። ግብዣው ላይ ዊንተርቦርን የዚህ አገር ባህል እንዲህ አይደለም ሲላት፣ እኔ የዚህ አገር ልጅ አይደለሁም፣ ልማዴን ለምን እቀይራለሁ ዓይነት መልስ ትሰጣለች። ስለዚህ ተነግሯታል። ታውቃለች። የማታውቀው ቅጣቱን ነው። ሰዎች በዚህ ምክንያት ክፉ ሊሆኑባት ይችላሉ ብላ አላመነችም። በዚህ ካየነው ሚስስ ዎከር የተሳሳተችው በልጅቷ እውቀት ሳይሆን በልጅቷ እምነት ላይ ነው። ዴይዚ ሰዎቹን ከሚገባቸው በላይ ደጎች አድርጋ ነው የገመተቻቸው።


ጡረተኛው መምህር፦

ይሄ ከእኔ ይሻላል። ተማሪዬ ብትሆኚ ጥሩ ነበር።

አንድ ማስታወሻ ብቻ፣ ለቅዳሜው። ጄምስ ታሪኩን በ1909 ለወጣው፣ የኒው ዮርክ እትም ለሚባለው የሥራዎቹ ስብስብ፣ በብዙ ቦታ አሻሽሎታል። ግማሻችሁ የ1878ቱን ግማሻችሁ የኋለኛውን ይዛችሁ ከመጣችሁ ዓረፍተ ነገር ላይ ትጣላላችሁ። እኔ የመጀመሪያው ይበልጥብኛል፣ ቀለል ያለና ፈጣን ነው።


የቀበና አንባቢ፦

የ1878ቱን ነው የያዝነው፣ አሁኑኑ ግሩፑ ላይ እጽፋለሁ። የሰሎሜን «እውቀትና እምነት» ይዤ ነው የምገባው፣ ስሟን ጠቅሼ፣ ትህትናን ደግሞ ስለ ወባው። አንድ ወዳጄ አለች፣ ሁሌም የሚስስ ኮስቴሎን ወገን የምትይዝ፣ ከእሷ ጋር እንደምፋጠጥ ከአሁኑ ይታየኛል።


ሲልቨር ስፕሪንግ፦

እናትየዋን እንዳትረሷት። ልጇ ጀርባ ተሰጥቷት ገርጥታ እያየቻት፣ ሚስስ ሚለር ምንም ሳይገባት፣ ደህና እደሪ ሚስስ ዎከር፣ ደስ የሚል ምሽት ነበር ብላ ነው የወጣችው። እኔ ከሚስስ ዎከር ይልቅ በእሷ ነው የተናደድኩት፣ ለምን እንደሆነ ቅዳሜ ካወቃችሁት ንገሩኝ።